የከብቶቻችን መዝገብ ማን ይሙላው?

የከብት ዘረመል የሚያጠና ሰው፣ የትም አገር ይሁን፣ ያገኘውን ብዙውን ጊዜ የሚያመሳክረው በአንዲት ላም ነው። ዶሚኔት ትባላለች። ሄርፎርድ ከሚባለው የሥጋ ከብት ዝርያ የተወለደች፣ አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ማይልስ ሲቲ አጠገብ ባለ የምርምር ጣቢያ ያደገች ላም ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የዘረመሏ ንባብ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የፎገራ ላም ትሁን የቦረና፣ የህንድ ትሁን የምዕራብ አፍሪካ፣ ዘረመሏ ሲነበብ ከዶሚኔት ጎን ተቀምጦ የት የት ላይ እንደምትለይ ይለቀማል።

ያ ንባብ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ አይደለም። ኢንተርኔት ያለው ሰው ሁሉ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ተማሪም ቢሆን፣ ያለ ክፍያ አውርዶ ሊያየው ይችላል። እኔም መጻፍ የፈለግሁት እንዲህ ያሉ ንባቦች ስለሚቀመጡባቸው የመረጃ ቋቶች፣ በውስጣቸው ስላሉትና ስለጎደሉት የእኛ ከብቶች ነው።

ሥራዬ የእንስሳት እርባታ ማስተማር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ወገራ ሲሆን አሁን የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ጎረቤቶቼ «የላም ዘር ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከሥሩ ልጀምር።

በእንስሳ ሴል ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለ። በክሩ ላይ አራት ዓይነት ኬሚካሎች እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ተመራማሪዎች ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በሚሉ አራት ፊደላት ይጽፏቸዋል። የከብት ዲኤንኤ በ30 ጥንድ ክሮሞሶሞች ተከፍሎ ወደ 2.7 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል ይይዛል። የበግ ክሮሞሶም 27 ጥንድ ነው፤ የዶሮ 39። ሁለት ላሞች የዚህን ፊደል አብዛኛውን ይጋራሉ። አንዷ ብዙ የምትታለብ፣ ሌላዋ ብርድ የምትችል፣ ሦስተኛዋ የማትታመም የሚሆኑበት ምክንያት በከፊል ፊደላቱ በሚለያዩባቸው ቦታዎች ላይ ነው። «በከፊል» ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ መኖው፣ ውኃውና አያያዙ ካልተስተካከለ የትኛውም ዘር ወተት አይሰጥም።

ፊደሉን ለማንበብ ጥቂት ደም ወይም ከጆሮ ጫፍ የተቆረጠ ትንሽ ቆዳ ይበቃል። ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ይጣራል፣ የማንበቢያው ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ነው። የአንድ ላም ንባብ የሚይዘው ፋይል በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ተመራማሪው ውጤቱን በታወቀ መጽሔት ለማሳተም ሲፈልግ ይህን ፋይል በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በጃፓን ካሉት ሦስት ታላላቅ ቋቶች በአንዱ እንዲያስገባ ይጠየቃል። የአሜሪካው ጂንባንክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሦስቱ ያላቸውን በየዕለቱ ስለሚለዋወጡ በአንዱ የገባ በሌሎቹም ይገኛል።

የእኛም ከብቶች በዚህ መንገድ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኔቸር ጄኔቲክስ» ላይ በወጣ አንድ ጥናት የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አዲስ አበባ ግቢ ካለው የዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር ሆነው፣ ከ16 የአፍሪካ ዝርያዎች የመጡ 172 ከብቶችን ሙሉ ዘረመል መርምረዋል። ፎገራ፣ ሆሮ፣ ሸኮና አፋር ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ጥናቱ ያሳየን ነገር ትልቅ ነው። የአፍሪካ ቀንድ ከብት ሻኛ የሌለው ጥንታዊው የአፍሪካ ከብትና ከእስያ የመጣው ባለ ሻኛ ከብት ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ ዋናው መዳቀል የተካሄደው ደግሞ ከዛሬ 750 እስከ 1,050 ዓመት በፊት ነው። ጎንደር ከተማ ከመቆርቆሯ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ማለት ነው። በዚያ መዳቀል ውስጥ ሙቀትን ከመቻል፣ በሽታን ከመከላከልና ከመራባት ጋር የተያያዙ 16 የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል። አባቶቻችን በየሜዳው ኮርማ ሲመርጡ የኖሩት ሥራ በፊደል ተጽፎ ተገኘ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በጉም አልቀረም። ሰሎሞን ግዛውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በየአካባቢው ስም የሚጠሩትን 14 የኢትዮጵያ በጎች በዘረመልና በመልክ አመሳክረው በ9 ዝርያዎች መድበዋቸዋል። የሰሜን ተራሮች በግ ከዘጠኙ አንዱ ሆኖ ለብቻው ቆመ። በደባርቅና በጃናሞራ ደጋ ያደገ ሰው ይህን በግ ያውቀዋል፤ ቁመናው ከሌሎቹ የደጋ በጎች ይገዝፋል፣ ላቱ አጭር ነው፣ ከላይኛው ፀጉር ሥር ወፍራም ሱፍ አለው፣ የአውራው ቀንድ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

የእኛን አገር ከብት በተመለከተ ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን ዘውዱ ውለታው ከወርቅነህ አያሌውና ከሌሎች ጋር የሠራውን ነው። ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ዞረው፣ ገበሬውን ጠይቀው፣ ከብቱን ለክተው፣ ፎገራ በይበልጥ ይታወቅ በነበረበት አካባቢ የወገራ፣ የደምቢያና የሰሜን ከብቶችን ለየብቻ ገልጸዋል። ከመተማ ቆላ ገዳም ስሙን ያገኘውን የማኅበረ ሥላሴን ከብትም ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያስተዋወቁት እነሱ ናቸው። አንድ ገዳም ጠብቆ ያቆየው መንጋ በሳይንስ መጽሔት ላይ ራሱን የቻለ የከብት ዓይነት ተብሎ መውጣቱ ለብዙ ጎንደሬ አዲስ ወሬ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ቋት ልናገር። ይኸኛው የሚይዘው ፊደል ሳይሆን የዝርያውን መልክ፣ ቁጥርና ጠባይ ነው። ትልቁ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ያቋቋመው ዳድ-ኢስ ነው። ከ180 በላይ አገሮች ዝርያዎቻቸውን በየአስተባባሪያቸው በኩል ያስመዘግቡበታል፤ እስካሁን ከ8,000 በላይ ዝርያዎች ገብተዋል። ኢልሪም ዳግሪስ የሚባል የራሱን አዘጋጅቶ በታዳጊ አገሮች ዝርያዎች ላይ የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦበታል።

የዳድ-ኢስን ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው ቅጽ ነው። የዝርያው ስም፣ ሌላ መጠሪያው፣ የሚገኝበት አካባቢ፣ የቆዳው ቀለም፣ የቀንዱ ሁኔታ፣ የወንድና የሴት ቁመት፣ የወንድና የሴት ክብደት፣ የወተት መጠን፣ የሚሰጠው ጥቅም፣ ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት እንደሚገመት፣ ግምቱ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ለመጥፋት ያለው ስጋት። በብዙዎቹ የኢትዮጵያ ዝርያዎች ገጾች ላይ ከእነዚህ ሳጥኖች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ስጋቱ በሚገለጽበት ቦታ ላይ «አይታወቅም» የሚል ይነበባል። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ፋኦ ራሱ እንደሚገልጸው ከዓለም ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አይታወቅም። እኛ ግን 70 ሚሊዮን ገደማ ከብት ይዘን፣ ከዚያም ውስጥ ከመቶ 97 የሚሆነው የአገር ዝርያ ሆኖ ሳለ ሳጥኑን ባዶ መተዋችን ያሳዝነኛል።

አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ከብት የሚያረቡ አጎት አሉኝ። ያንኑ ቅጽ ወረቀት ላይ ገልብጬ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ላሞቹ ከግጦሽ ገብተው በረታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ሜትር ይዣለሁ።

«ቁመቷ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ። «እናቷን ጠይቂኝ እንጂ።»

«እሺ አጎቴ፣ እናቷ ማን ናት?»

«ይቺ ቦራ የዳለቻዋ ልጅ ናት። ዳለቻዋ ለማጫ የመጣች ናት፤ ከደባት። የሷ ዘር ውርጭ አይጥለውም። ግንቦት ሣሩ ሲያልቅ ጭድ በልተው ጎናቸው አይታይም። ያቺን ደግሞ አየሻት? ቀዩዋን? ከገበያ ነው የገዛኋት፤ ወተቷ ይበልጣል፣ ጥጃዋ ከሞተ ግን ጡቷን አትሰጥም። ኮርማውን ከቀዩዋ ልጆች አላስቀርም።»

«ለምን?»

«አንቺ ልጅ፣ በሬ የሚሆነኝን ነው የማየው። እግሩ ሰፊ ያልሆነ ወይፈን የወገራን መረሬ አያርስም።»

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቅጹ ጀርባ ላይ ነው፤ በቅጹ ላይ ለእናት ዘር፣ ለውርጭ፣ ለግንቦት ረሃብ፣ ለመረሬ አፈር የተሰጠ ሳጥን የለም። ገበሬው ኮርማ የሚመርጥበት መስፈርት ሁሉ ከቅጹ ውጭ ቀርቷል። የወገራን ከብት የወገራ ከብት ያደረገው ግን ያ መስፈርት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ፊደሉ ካለን ሌላው ምን ያደርጋል፤ ማሽኑ ይነግረናል» ይላሉ። አልስማማም። የፊደል ንባብ ያለ ባለቤቱ ታሪክ ላኪውም ተቀባዩም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ነው። አንድ ፊደል ከሌላው መለየቱን ማሽኑ ይነግረናል፤ ያ ልዩነት ብርድ ለመቻል ይሁን ለሌላ ነገር የምናውቀው ብርድ የቻለችውን ላም ካልቻለችው ጋር ስናነጻጽር ብቻ ነው። ብርድ የቻለችውን ላም ደግሞ የሚያውቃት እረኛዋ ነው።

ተማሪዎቼ ከቋቱ የኢትዮጵያ ናሙና ሲያወርዱ አብሮት የሚመጣውን ማብራሪያ አብረን እናነባለን። የእንስሳው ዓይነት፦ ከብት። ዝርያ፦ ፎገራ። ጾታ፦ ሴት። አገር፦ ኢትዮጵያ። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ቀበሌው የለም፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ የለም፣ ዕድሜዋ የለም፣ ባለቤቷ ንጹሕ ፎገራ ይበላት ክልስ የተመዘገበ ነገር የለም። ሦስቱ ታላላቅ ቋቶች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አዲስ የሚገባ ናሙና የተወሰደበት አገርና ቀን እንዲጻፍ አስገድደዋል። መልካም ጅምር ነው፤ ግን «ኢትዮጵያ» ማለት ከደናክል ረባዳ እስከ ራስ ዳሸን ድረስ ነው። የደጋ በግ ዘረመል ከቆላው በምን እንደሚለይ የሚመረምሩ ጥናቶች ባለፉት ዓመታት በተከታታይ ወጥተዋል፤ ለእንዲህ ያለ ጥናት በጉ 3,000 ሜትር ላይ ይደግ 1,000 ሜትር ላይ ያልተጻፈበት ፋይል ከንቱ ነው።

ጊዜም አይጠብቀንም። የግጭ መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩን ለማዳን የተወሰደ እርምጃ ነበር፤ ዩኔስኮም በ2017 ፓርኩን ከአደጋ መዝገብ አውጥቶታል። በዚያ ከፍታ ላይ በግ ሲያረቡ የኖሩ ሽማግሌዎች ግን አሁን ከተማ ናቸው። የትኛው አውራ የትኛውን ክረምት እንዳለፈ የሚነግሩን ሰዎች ሳያልፉ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፎገራም እንዲሁ ነው። ከብቱ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ረግረግ ልጅ ነው፤ ውኃ በተኛበት ሜዳ ላይ ቆሞ ይግጣል፣ ጠባዩ የዋህ ነው፣ በወተቱም ከአገር ዝርያዎች ሁሉ ስመ ጥር ነው። ዘሩን ለመጠበቅ ባሕር ዳር አጠገብ የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሟል። ነገር ግን ሩዝ የፎገራን ሜዳ ከያዘው ወዲህ ግጦሹ ጠፋ፣ በአንድ በኩል ከደጋ የሚመጣው ከብት፣ በሌላ በኩል የሆልስታይን ማዳቀል ዘሩን አሳሳው። ሩዙ ለገበሬው ብዙ ጠቅሞታል፤ ማንም ተው ሊለው አይችልም። ታዲያ ዛሬ ፎገራ ተብሎ ናሙና የሚወሰድለት ከብት በእርግጥ ፎገራ መሆኑን የሚያረጋግጥልን ምንድን ነው? ሽማግሌው «የአባቴ መንጋ ነው፣ ከውጭ ኮርማ አላስገባንም» ብሎ የተናገረው፣ ተጽፎም ከፋይሉ ጋር የተያያዘ ምስክርነት ነው።

መሣሪያውም ያደላብናል። ሙሉ ዘረመል ማንበብ ውድ ስለሆነ ብዙ ጥናት የሚሠራው በቺፕ ነው። የታወቀው የከብት ቺፕ 50,000 ያህል የተመረጡ ቦታዎችን ብቻ ያያል። ቦታዎቹ በብዛት የተመረጡት በአውሮፓ ዝርያዎች ላይ ልዩነት ስላሳዩ ነው። በወገራ ከብት ላይ ብቻ ያለን ልዩነት ያ ቺፕ ሊያይ አይችልም፤ እንዲያይ አልተሠራምና። ተመራማሪዎች ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ2022 የምዕራብ አፍሪካውን ንዳማና የምሥራቅ አፍሪካውን አንኮሌ ዘረመል ከዶሚኔት ጋር ያጣመረ አዲስ ማመሳከሪያ አውጥተዋል። የኢትዮጵያ ዝርያዎችም በዚያ ልክ ተነበው የራሳቸው ማመሳከሪያ ሊኖራቸው ይገባል ባይ ነኝ።

«ታዲያ ለገበሬው ምን ፋይዳ አለው?» ለሚለኝ ሁልጊዜ የማነሣው የፍየልን ነገር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኦሚያ የሚባል ቋት አለ፤ በእንስሳት ላይ በዘር የሚተላለፉ ሕመሞችና ልዩ ልዩ ጠባዮች የተሰበሰቡበት ነው። ጎዳ፣ ማለትም ቀንድ የሌላት፣ ፍየል በዚያ ውስጥ ታሪኳ ሰፊ ነው። ጎዳ ከጎዳ ሲጠቃ ከሚወለዱት ግልገሎች መካከል ወንድም ሴትም ያልሆነ፣ የማይወልድ ፍናፍንት እንደሚገኝ አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በፍየል አንደኛ ክሮሞሶም ላይ አገኙት። ቀንድ የሚያስቀረው ለውጥና ፍናፍንት የሚያደርገው ለውጥ አንድ ነው። ግልገሏ ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ ከወረሰች ቀንድ አታበቅልም፣ ሌላ ችግር የለባትም። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰች ሴት ግን የሴትነት አካሏ በወጉ አይሠራም።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ጎዳ ፍየል ያለው ሰው ቀንዳም አውራ ያስጠቃት። አባት ቀንዳም ከሆነ ለውጡን ከሁለቱም ወገን የሚወርስ ግልገል አይኖርም። ወጪ የለውም፣ መድኃኒት የለውም፣ ማሽን የለውም። ቋቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የልማት ሠራተኛው ጋ አልደረሰም፣ ገበሬው ጋ አልደረሰም። ቢያንስ የዚህ ዓይነቱ ነገር ወደ አማርኛ ተመልሶ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል?

ሌላው ትልቅ ፋይዳ ኮርማ መምረጥ ነው። ቀድሞ አንድ የወተት ዝርያ ኮርማ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ልጆቹ አድገው፣ ወልደው፣ ከታለቡ በኋላ ነበር፤ ዓመታት ይፈጃል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጥጃው ገና ሲወለድ ከፀጉሩ ዘረመሉን አንብበው ይገምቱታል። ይህ የሚሠራው ዘረመላቸው የተነበበ፣ ወተታቸውም በየጊዜው የተመዘገበ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ላሞች ስላሏቸው ነው። እኛ አገር ኢልሪ የሚመራው የአፍሪካ የወተት ከብት ዘረመል ማሻሻያ ፕሮግራም በክልስ ላሞች ላይ ይህንኑ ጀምሯል፤ መዝጋቢው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ወተቱን ይጽፋል፣ ላሟን ይለካል፣ ምክሩ ለገበሬው በስልክ መልእክት ይመለስለታል።

ከዚህ የበለጠ ልቤን የሚያሞቀው ግን የመንደር እርባታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር በጎች ተጀመረ፤ በኋላ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ላይ አርማጭሆ ላይ በፍየል አካሂዶታል። ግልገሉ ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ቁጥር፣ ክብደቱ ይጻፋል፣ ጡት ሲጥልም እንደገና ይመዘናል። ከዚያ መንደርተኛው ራሱ ተሰብስቦ ወጠጤዎቹን አሰልፎ፣ መዝገቡንም ዓይኑንም ተጠቅሞ አውራ የሚሆነውን ይመርጣል፤ የቀረው ይሸጣል ወይም ይኮላሻል። በዚህ ሥራ ላይ የገበሬው እውቀትና መዝገቡ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። በእንዲህ ያለ መንደር የጆሮ ቁራጭ የተወሰደለት ግልገል እናቱ የታወቀች ናት፣ ክብደቱ ታውቋል፣ ቦታው ታውቋል። የዘረመል ናሙና ለመውሰድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አሁን ወደሚያስጨንቀው ጥያቄ ልግባ፦ ፊደሉ የማን ነው? ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አጠቃቀምን የሚወስን አዋጅ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 482። ናሙና ከአገር ሊያወጣ የፈለገ ሰው በዚህ አዋጅ መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከጥቅሙም ለማኅበረሰቡ ማካፈል አለበት። ጤፍ ላይ የደረሰብንን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያስመዘገበው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ዘርና ደም በጓዝ ይወጣ ለነበረበት ዘመን ነው። ፊደሉ አንዴ ቋት ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም የኢትዮጵያን አፈር ሳይረግጥ ይጠቀምበታል።

ይህ ክርክር ዓለም አቀፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሞንትሪያል ላይ አገሮች ከዲጂታል የዘረመል መረጃ የሚገኘው ጥቅም መካፈል አለበት ብለው ተስማሙ፤ በ2024 ኮሎምቢያ ካሊ ላይ ፈንድ እንዲቋቋም ወሰኑ፣ በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀመረ። መረጃውን የሚጠቀሙ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያዋጡ ይጠበቃል፤ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች እንዲውል ታስቧል። ኩባንያዎቹ ይክፈሉ አይክፈሉ ጊዜ ያሳየናል። እኔ ቋቱ ይዘጋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ቢዘጋ መጀመሪያ የምንጎዳው እኛ ነን፤ ተማሪዎቼ የዶሚኔትንም የንዳማንም ፊደል በነፃ አውርደው ነው የሚማሩት። ግን ቋቱ ክፍት ሲሆን የመጣበትም ቦታ አብሮ መጻፍ አለበት። «ኢትዮጵያ» ብቻ የተባለበት ፋይል የወገራ ገበሬ የደከመበት መሆኑን ማን ያስታውሳል?

ከቋቱ ለመጠቀምም አቅም ይጠይቃል። ማራኪ ላይ ሆኖ የአንድ ላም ሙሉ ንባብ ማውረድ ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ሌሊት የሚሞከር ሥራ ነው፤ መብራት ሲሄድ ከአጋማሹ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት የፎገራ ላም ዘረመል ሴኡልም ናይሮቢም ይነበብ ነበር፤ ጎንደር ላይ ግን አይነበብም ነበር። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በዚያ ምክንያት የዘገየ ተማሪዎች ነበሩኝ። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ቀላል መፍትሔ አለ፦ የኢትዮጵያ እንስሳትን ንባብ በሙሉ አንዴ አውርዶ በግቢው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ። ተማሪው በየጊዜው ከባሕር ማዶ ማውረድ አይጠበቅበትም፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ከዚህ የሚበልጠው ሀብት ግን በየመደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል። የጎንደር፣ የባሕር ዳር፣ የሐሮማያ ተማሪዎች ለዓመታት የሠሯቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ስለ ከብት፣ ስለ በግ፣ ስለ ዶሮ ልኬት የተሞሉ ናቸው። ቁመት አለ፣ ክብደት አለ፣ ቀበሌ አለ፣ የገበሬው የምርጫ መስፈርት አለ። ብዙው ታትሞ አልወጣም፣ ወደ ቋትም አልገባም። በዳድ-ኢስ ላይ ባዶ የሆኑት ሳጥኖች ብዙዎቹ ዛሬ ከእነዚህ ጽሑፎች ሊሞሉ ይችላሉ። ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚቀመጥለት ሰው ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የእንስሳት እርባታ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተማሪ ከመመረቁ በፊት የሰበሰበውን ልኬት በተስማማንበት አንድ ቅጽ እንዲያስረክብ ያድርጉ፤ ቅጹም ለእናት ዘር፣ ለውርጭ፣ ለበጋ ረሃብና ለእርሻ አቅም ሳጥን ይኑረው። የምርምር ማዕከሎች ናሙና ሲወስዱ የቀበሌውን ስምና ከፍታውን ሳይጽፉ አይመለሱ። የኢትዮጵያ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ናሙና ለማውጣት ፈቃድ ሲሰጥ ከመስፈርቶቹ አንዱ ይህ እንዲሆን ያድርግ፤ ውጤቱም ናሙናው ወደተወሰደበት ወረዳ በአማርኛ ተጽፎ እንዲመለስ ያስገድድ።

ከብት ያለዎት አንባቢ ደግሞ፣ የላምዎን ደም ወይም የጆሮ ቁራጭ የሚፈልግ አጥኚ ቢመጣብዎት አይከልክሉት። ነገር ግን ስለ እናቷና ስለ አያቷ የሚያውቁትን እየነገሩ ያስጽፉት፤ የቀበሌዎ ስም በቅጹ ላይ መግባቱን ሳያዩም አይፈርሙ።